ዐሥራ አራተኛው ዛፍ

“ውሸት ከሆነ እጄን ይቁረጠው” ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። ይህ መሐላ ግን በእኛ ከተማ ከተከለከለ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቆራጩ ቅርብ ስለሆነ። ስለዚህ በእናቴ አጥንት፣ በበላሁት እንጀራ፣ ባልበላሁትም ቁርጥ እምላለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። ሰንበሌጥ ሜዳ ላይ ኢዮስያስን የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲደርስ ይስቃል። ይሳቅ። አምና “ድመት አየሁ” ብዬ ሁለት ቀበሌ ያዘጋሁት እኔ ነኝ። “ዝግባው አስነጠሰ” ብዬ ሦስት መቶ ሰው አጥሩ ላይ ጆሮውን እንዲለጥፍ ያደረግሁትም እኔው ነኝ። እነዚያ ቀልድ ነበሩ። ይኼኛው የእኅቴ እጅ ያለበት ነገር ነው።

ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ግማሹን እኔ አቆምኩት፣ ግማሹን የሒሳብ አስተማሪው። ሥራዬ ቢላ ቤት ነው። ሽንኩርት መክተፍ የፈለገ ሰው ሽንኩርቱን ይዞ ይመጣል፤ ጓንት አለብሰዋለሁ፣ በሰንሰለት የታሰረ ቢላ እሰጠዋለሁ፣ እስኪጨርስ ድረስ እጁን እያየሁ እቆማለሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰንበሌጥ ሜዳ ሕዝብ ፊቴ ቆሞ አልቅሷል። ሰው ሽንኩርት እየከተፈ ሲያለቅስ ሌላም ሌላም ነገር ይናገራል፤ የከተማውን ወሬ ሁሉ የማውቀው በዚህ ነው።

ዘመኑ 2091 ዓመተ ምሕረት ነው። የፋብሪካ መድኃኒት ጀርም መግደል ካቃተው ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እንክብሉ አሁንም ይሸጣል፤ ሰዉ በልማድ ይውጠዋል፣ ጀርሙም በልማድ ይንቀዋል። ጠዋት ከቤት ስወጣ ሁለት እጄን፣ መዳፍና ጀርባውን፣ በሩ ላይ ላለው መስተዋት አሳያለሁ። መስተዋቱ “ጭረት የለም” ሲል በሩ ይከፈታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ጥፍራችንን የሚሞርዱ ሰዎች በየቤቱ ይዞራሉ። ቀጋና አጋም ከነሥራቸው ተነቅለው፣ ድመቶችም ከነጥፍራቸው ተባረው አልቀዋል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ ካየ ቆይቷል፤ ፀጉራችንን በሙቅ አየር ያሳርረዋል፣ እሑድ እሑድ ከተማው ሁሉ የተለበለበ ዶሮ ይሸታል። ሰላምታ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በአገጭ ነው። ይህን የምጽፈው ለማስገረም አይደለም፤ እንዲህ ነው የምንኖረው፣ ለምደነዋል።

የተጫረ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ የጭረት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይመዘገባል። እዚያ የዛፉን ድርሻ ይሰጡታል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቅርፊት። ቀቅሎ ቁስሉን ያጥብበታል። በአገሪቱ እንዲህ ያሉ የተመዘገቡ ሠላሳ ዛፎች አሉ። የእኛው ቁጥር ዐሥራ አራት ነው፤ ከወንዙ በላይ ያለው ትልቁ ዝግባ። ሦስት ዙር አጥር፣ ስምንት ካሜራ፣ አራት ዘበኛ አለው። በዓመት አንድ ቀን ሕዝቡ ተሰልፎ እንዲያየው ይፈቀዳል፤ የሚሳለሙትም አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ሰዎች መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ኃይሉን ያጣል ይሉ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ይህን ቅጹ ላይ አስገባው። ዐሥራ አንደኛው ጥያቄ “መድኃኒቱ ወንዝ ተሻግሯል ወይ?” ይላል። የከተማው ግማሽ ከወንዝ ማዶ ስለሚኖር፣ ቅርፊቱ ላልሠራለት ሰው መልሱ ሁልጊዜ “አዎ” ነው። ከወዲህ የሚኖር ሰው ከሆነም ቦይ ይፈለግለታል። ድሮን ቅርፊት ማድረስ ሲጀምር በአየር መሻገር መሻገር ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ አራት ቀን ተሰበሰቡ። የወሰኑት ነገር ቢኖር ለቀጣዩ ስብሰባ ከብስኩት ይልቅ ቆሎ እንዲቀርብ ነው።

ታላቅ እኅቴ እትዬ ሄመን ከወንዝ ማዶ ትኖራለች። እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጥልፍ ጠላፊ ናት፤ በከተማችን መርፌ ለመያዝ ፈቃድ ያላት የመጨረሻዋ ሰው። ፈቃዷ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፣ በየዕድሳቱም መርማሪ ፊት ቁጭ ብላ ጣቷን ሳትነካ አንድ አበባ ትጠልፋለች። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ጊዜ ጣቷን አልነካችም።

ሰኞ ዕለት የሙሽራ ቀሚስ ስትጠልፍ መርፌው የግራ እጇን አመልካች ጣት ወጋት። ሮጣ ተመዘገበች፣ ድርሻዋን ተቀበለች፣ ድልድዩን ተሻግራ ቤቷ ገብታ ቀቀለች። ማክሰኞ ጣቷ አበጠ። ረቡዕ እጇ ቋንጣ የተሰጣበት ዱላ መስሎ ጠቆረ፣ ከአንጓዋ ወደ ክርኗ ቀይ መስመር ወጣ። ጽሕፈት ቤቱ እያንዳንዳችን እጅ ላይ ያሰረው አምባር ጮኸባት፤ ሰዎቹ መጥተው ወሰዷት። የጽሕፈት ቤቱ ነርስ ሲስተር ሶሊያና ቅጹን አነበበችልኝ። ወንዝ ተሻግሯል። ቆረጣው ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከክርን በታች።

ሲስተር ሶሊያና ክፉ ሰው አይደለችም። አርባ ዓመቷ ነው፤ ሽንኩርት ስትከትፍ አይቻታለሁ፣ በጥንቃቄ ነው የምትከትፈው። ይህንንም በዚያው ጥንቃቄ ነገረችኝ።

እትዬ ሄመን አልጋዋ ላይ ሆና አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ አሳስቧታል። “ጥልፍ በአንድ እጅ አይሆንም” አለችኝ። “ጨርቁን ማን ይወጥርልኛል?”

እኔ እወጥርልሻለሁ አልኳት።

“አንተ? አንተ የወጠርከው ጨርቅ ላይ ጽጌረዳ ብጠልፍ እባብ ሆኖ ይወጣል።”

ሳቅን። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔም ወጥቼ አባባ ናሆም ዘንድ ሄድኩ።

አባባ ናሆም ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከመቋቋሙ በፊት የከተማው መድኃኒት አዋቂ እሳቸው ነበሩ፤ ዝግባውን ለመንግሥት አስረከቡ ተብሎም ኒሻን ተሸልመዋል። ዛፉን በእጁ እንዲነካ የተፈቀደለት ብቸኛ ዜጋም እሳቸው ናቸው። የሄድኩት መዳፍ የሚያህል ቅርፊት ቆርሰው እንዲሰጡኝ ልለምን ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ኒሻናቸውን ፒጃማቸው ላይ ሰክተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ቁስሉ ምን ይመስላል፣ ምን ይሸታል፣ መስመሩ የት ደርሷል ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

“የዝግባውን ቅርፊት ጋሪ ሙሉ ቢሰጡህ ለምድጃ ነው” አሉኝ።

የቀረውን በራሴ አፍ ልንገራችሁ፣ እሳቸውን በየመሐሉ ሳል ስላቋረጣቸው። መድኃኒት አዋቂ ዛፉን አያሳይም። ስሙ ከተጠራ፣ ሰው ካወቀው፣ መድኃኒትነቱ ይረክሳል ተብለው ነው ያደጉት፤ አባታቸውም የነገሯቸው ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ነው። ስለዚህ አባባ ናሆም በደኅናው ጊዜ ጎሕ ሲቀድ ይነሡና ሰው ሁሉ እያያቸው ወደ ዝግባው ይወጡ ነበር። ሦስት ጊዜ ይዞሩታል፣ በቢላ ቅርፊቱን ይልጣሉ፣ የላጡትን በነጭ ጨርቅ ይቋጥራሉ። ሲመለሱ መንገድ ዳር አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ይሉና ጫማቸውን ያራግፋሉ። ያችን ጫማ ሲያራግፉ፣ በሌላው እጃቸው፣ በድንጋይ ስለት፣ የእውነተኛውን ዛፍ ቅርፊት ይልጣሉ። የዝግባውን ወንዝ ይጥሉታል።

ጽሕፈት ቤቱ ሲቋቋም አዋቂዎችን ሁሉ “ዛፋችሁን አሳዩ” አለ። እሳቸውም የእውነተኛውን ቅርፊት ደቃቅ ዱቄት ሰጡ። ዋና ከተማ ተልኮ ተመረመረ፣ ከመቶው ጀርም ዘጠና ስድስቱን ገደለ። ዛፉን ግን አልተናገሩም። መርማሪዎቹ ዝንብ የምታህል ካሜራ ላኩባቸው። ካሜራዋ ዝግባውን ሲዞሩ፣ ሲልጡ፣ ሲቋጥሩ ቀረጸች። ጫማ የሚያራግፍ ሽማግሌ ላይ ግን ምስል አታባክንም። በሳምንቱ ዝግባው ታጠረ። ከዚያ ወዲህ ዝግባውን መመርመር ተከልክሏል፣ ምክንያቱም ምርመራ ቅርፊት ያባክናል፣ ቅርፊቱ ደግሞ ውድ ነው።

“ለምን አልተናገሩም?” አልኳቸው። ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ የእኅቴ እጅ ነው።

ተናግረዋል። በሦስተኛው ዓመት፣ የሰው እጅ መቆረጥ ሲጀምር፣ ሄደው “ዛፉ ይኼ አይደለም” አሉ። የትኛው ነው ተባሉ። ስሙ ከአንደበታቸው አልወጣ አለ፤ ከጠሩት ይረክሳል፣ ካልጠሩት አይታመኑም። እነሱም መዝገባቸው ላይ “የመርሳት ሕመም” ብለው ጻፉ፣ ሁለተኛ ኒሻን ሰጥተው ቤታቸው አደረሷቸው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ የሚያልፈውን ሰው እጅ መቁጠር ልማድ እንደሆነባቸው ነገሩኝ። አንድ እጅ ያለው ካዩ ቀኑን ሙሉ እህል አይቀምሱም።

“ታዲያ ዛሬ ለእኔ ለምን?”

አባባ ናሆም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ዝግባው ከታጠረ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳቁ። “አንተ ውሸታም ነህ” አሉኝ። “ምስጢር ለውሸታም ቢነገር ምን ይሆናል? ምስጢር ሆኖ ይቀራል።”

ስሙን አልጠሩልኝም። ከጽሕፈት ቤቱ ኋላ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ “እዚህ መሽናት ክልክል ነው” የሚል ቆርቆሮ የተቸነከረበት አለ አሉኝ። አውቀዋለሁ፤ ማን የማያውቀው አለ። ብሳና ነው። ከእንጨት ሁሉ የተናቀው። ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉት፣ ለሌላው ማን አስተማረና አለ የተባለለት። ሰውን ከመበስበስ የሚያድነው ነቀዝ የሚበላው እንጨት ነው ቢባል ማን ያምናል? አባባ ናሆም ሐሳቤን ከፊቴ ላይ አነበቡት። “ነቀዝ እንጨቱን ነው የሚበላ” አሉ። “ቅርፊቱን ሲበላ አይተህ ታውቃለህ?”

አላየሁም።

ከዚያ ሥርዓቱን ሰጡኝ። በባዶ ሆድ። ፀሐይ ከምትወጣበት ጎን። ብረት አይነካውም። ሦስቱም ቀላል ነበሩ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ዓይኔን አተኩረው አዩኝ፤ ከላጥክበት ሰዓት ጀምሮ ቁስሏ ላይ እስኪደርስ ቃል እንዳይወጣህ። ቃል ከወጣህ የያዝከው ማገዶ ነው።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ደረስኩ። አምባሬ “ያልተለመደ ሰዓት” ብሎ አስጠነቀቀኝ። ብሳናው ቆርቆሮውን ግንባሩ ላይ እንደ ኒሻን ሰክቶ ቆሟል፤ ሥሩ እርጥብ ነው፣ ማስታወቂያውን ያነበበ የለም። ስለታም ድንጋይ ይዤ የምሥራቁን ጎን መላጥ ጀመርኩ። ቅርፊቱ ያለ ብዙ ትግል ለቀቀ።

የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ኖላዊ ነው ያገኘኝ። ወጣት ነው፣ ወፍራም ነው፣ በቀልዴ የሚስቅ ነው፤ ድመቱን አምኖ ሁለት ቀን ሙሉ በር ላይ የቆመውም እሱ ነው። “ጋሽ ኢዮስያስ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታመጣብን ነው?” አለኝ። ዝም። “ብሳና መሳም ተጀመረ እንዴ?” ዝም። ቢያንስ ስድስት የሚያምሩ መልሶች አፌ ውስጥ ተሰልፈው ነበር፤ አንዱ፣ ስለ ሚስቱ የሆነው፣ አሁንም ይቆጨኛል። ሁሉንም ዋጥኳቸው። ኖላዊ መሳቁን ቀጠለ፤ ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ መጣ። ቀረብ ብሎ ፊቴን አየ። ቆቡን አወለቀ።

“እትዬ ሄመን አረፉ እንዴ?”

ራሴን ወዘወዝኩ። ሰውዬው ግን ከዚያ በኋላ ቀልድ አልተናገረኝም። የጽሕፈት ቤቱ በር በሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚከፈተው፤ እሱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከፍቶ አስገባኝ፣ ወንበር አመጣልኝ፣ አጠገቤ ቆመ። ዝም ያለ ኢዮስያስን ብቻውን መተው የፈራ ይመስለኛል።

ሲስተር ሶሊያና መጣች። ቅርፊቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። ምንድን ነው አለች። ከየት ነው አለች። ማን ሰጠህ፣ ለምን አትናገርም፣ አፍህን ተጫርክ ወይ አለች፤ አፌን አስከፍታ በመብራት አየች። በጽሑፍ መመለስ አሰብኩ። ጽሑፍ ቃል ነው ወይስ አይደለም ብዬ ከራሴ ጋር ስብሰባ ተቀመጥኩ፤ እኔም እንደ እነሱ መወሰን አቃተኝ፣ ስለዚህ ብዕሩን ተውኩት። በጣቴ ቅርፊቱን አሳየኋት። ከዚያ የመመርመሪያውን ማሽን። ከዚያ እኅቴ የተኛችበትን ክፍል። ከዚያ እጄን ክርኔ ላይ አድርጌ የቆረጣ ምልክት ሠራሁ፣ እዚያ ላይ ሳላስበው ዓይኔ ሞላ።

በኋላ ለምን እንደሰማችኝ ጠየቅኋት። “አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ አባርርህ ነበር” አለችኝ።

ማሽኑ ለወተት ምርመራ የገባ ነው። ሲስተር ሶሊያና ከእትዬ ሄመን ቁስል የተወሰደው ጀርም የሚራባበትን ሳህን አወጣች። ቅርፊቱን ቀቅላ ውኃውን አንዲት ጠብታ ጣለችበት። ለምሳዋ የያዘችውን አቮካዶ በማንኪያ ለሁለት ከፈለች፤ አንዱን ክፍል በዚያ ውኃ ቀባች፣ አንዱን እንዲሁ ተወችው። ለኖላዊ ስታስረዳው ሰምቻለሁ፤ የተቆረጠ ፍሬ የሚጠቁረው እንደ ብረት ስለሚዝግ ነው፣ የቆሰለ ሥጋም እንዲሁ ከውስጥ ይዝጋል፣ ጥሩ ቅርፊት ጀርሙንም ዝገቱንም ያቆማል። ከዚያ ሦስታችንም ቁጭ ብለን አቮካዶ ማየት ጀመርን።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ያልተቀባው አቮካዶ እንደ ቡና ቅራሪ ሆነ። የተቀባው ከዛፍ አሁን የወረደ ይመስላል። ሳህኑ ላይ ጠብታው ያረፈበት ዙሪያ ጀርሙ አልቆ ጥርት ያለ ክብ ተከፍቷል። ማሽኑ ክቡን ለካ። ዘጠና አራት።

ሲስተር ሶሊያና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች። ተነሥታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ከመሳቢያዋ የዐሥራ አራተኛውን ዛፍ ድርሻ፣ አንዲት ጥፍር የምታህል የዝግባ ቅርፊት አወጣች፤ ይህን መመርመር የተከለከለ ነው፣ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። ቀቀለች፣ ጠብታዋን ጣለች፣ ጠበቅን። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ አነበበ።

ሁለት።

“ዐሥር ዓመት” አለች ሲስተር ሶሊያና፣ ለማንም ሳይሆን። “ዐሥር ዓመት ይህን ሰጥቻለሁ።” ቁጭ አለች። ኖላዊ ቆቡን እጁ ላይ ያሽከረክራል። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረው ነገር ኖሮኝ መናገር አልቻልኩም። ዛፉ የቱ ነው ስትለኝ በመስኮቱ አሳየኋት። ልክ በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ማስታወቂያው ፊት ቆሞ ክልክል የሆነውን ያደርግ ነበር።

ደንቡ ከዘጠና በላይ ያነበበ ነገር ከተገኘ ቆረጣው ሦስት ቀን ይዘገያል ይላል። ደንቡ ሲወጣ ጀምሮ የተጠቀመበት አልነበረም። ፈረመች።

የፈላው ውኃ ለብ ሲል ይዘን ገባን። ሌላ ወንዝ፣ ሌላ ቦይ እንዳይኖር ኮሪደሩ ላይ የፈሰሰውን የማጽጃ ውኃ ሳይቀር ዞሬ ነው ያለፍኩት። እትዬ ሄመን አየችኝ። የፈራችው እጇን አይደለም፣ እኔን ነው። “ምነው ዝም አልክ?” አለች። “እውነቱን ንገረኝ፣ ልሞት ነው አይደል?” የውኃውን ዕቃ አቀረብኩ። “ኢዮሲ፣ አንድ ውሸት እንኳ ዋሸኝ እንጂ።” ሲስተር ሶሊያና ጨርቁን ነክራ ቁስሉ ላይ አሳረፈች። በዚያች ቅጽበት አፌ ተፈታ፤ አባባ ናሆምን፣ ጫማውን፣ ካሜራዋን፣ አቮካዶውን፣ ለኖላዊ ያልመለስኩትን መልስ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። እትዬ ሄመን እስክጨርስ ሰማችኝ።

“ተመስገን” አለች። “መዋሸት ጀመረ።”

አርብ መስመሩ ከክርኗ ወረደ። ቅዳሜ አንጓዋ ላይ ደረሰ፣ እብጠቱ ተሸበሸበ። በየአራት ሰዓቱ ይታጠብ ነበር፤ ቅርፊቱ ሲያልቅ በየጎሑ እየሄድኩ፣ በባዶ ሆዴ፣ አፌን ዘግቼ እልጥ ነበር። ኖላዊ ቆርቆሮውን ነቀለው፤ ከዚያ ቦታ የሚሸና ሰው ቢያገኝ በአገጩ ሳይሆን በዱላው ሰላም እንደሚለው ለከተማው አስታወቀ።

እሑድ ማሰሪያው ተፈታ። ራስጌዋ ቆሜ ነበር። ሲስተር ሶሊያና ጨርቁን ዙር በዙር ስታነሣ፣ “አምስት ጣት ነው የማየው፣ ስድስተኛውን የት ደበቅሽው?” አልኳት። እጇ ገርጥቷል፣ ቆዳው እንደ እባብ ልብስ ይላጣል፣ ግን እጅ ነው። እትዬ ሄመን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። የተወጋው አመልካች ጣቷ ዘግይቶ ነው የታጠፈው፤ ታጠፈ። ከዚያ የሙሽራዋ ቀሚስ የት እንዳለ ጠየቀች፤ ሠርጉ ለጥር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልጨርስ። ለከተማው ሁሉ እውነቱን ነገርኩ፤ ማንም አላመነኝም፤ የአባባ ናሆም ምስጢር እንዳሉት ምስጢር ሆኖ ከረመ። ያመኑት የሲስተር ሶሊያና ሪፖርት በሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ ነው። ሪፖርቱ “የመዝገብ ማስተካከያ” ይባላል፤ ዝግባው “በክብር ተሰናብቷል” ይላል። የከተማው ሰው ቆጠራ ወጥቶ ብሳና ፈለገ፤ በየአጥሩ ሥር፣ በየቆሻሻ መጣያው፣ በየቀብሩ ዳር መቶ አርባ ሦስት ብሳና ተገኘ። ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ጭረት፣ እስከ ልጅ ልጅ ይበቃል። አንዳንዱ ሰው ያን ቀን መንገድ ላይ እጅ ለእጅ ተጨባበጠ። በማግስቱ ለመቶ አርባ ሦስቱም ቁጥርና አምባር ወጣላቸው፤ የእኔ መስተዋትም ከጭረት ሌላ ጥፍሬ ሥር ቅርፊት እንዳለ መፈተሽ ጀምሯል።

አባባ ናሆም ሕዝቡ ይወግረኛል ብለው ለሁለት ቀን በራቸውን ቆለፉ። የመጣው ጎረቤታቸው ጋሽ ያብስራ ብቻ ነው፤ ግራ እጁ የለም፣ ከስምንት ዓመት በፊት ነው የሄደው። በሩ ላይ ብዙ ቆመ። አባባ ናሆም ወጥተው ሁለቱንም ኒሻኖቻቸውን በቀረው እጁ ላይ አኖሩለት። አልጣላቸውም፣ አላደረጋቸውም፤ ኪሱ ከተታቸውና ሄደ። እስካሁን ሰላም አይላቸውም። አባባ ናሆም ግን ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ የሚያልፈውን ሰው እጅ አሁንም እንደሚቆጥሩ ነግረውኛል፤ ከዚያች እሑድ ወዲህ አዲስ የጎደለ እጅ አላዩም፣ እህልም ይቀምሳሉ።

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ። አንዲት ነገር ግን ፈጥሬያለሁ። ማሰሪያው ሲፈታ ራስጌዋ አልነበርኩም። ስድስተኛ ጣት ብዬ የቀለድኩትም ውሸት ነው። ሲስተር ሶሊያና ያለ መቀስ የማሰሪያውን ጫፍ በጣቷ ስትፈልግ አይቼ ወጣሁ፤ ከሕንፃው ኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። የጣቶቹን መታጠፍ የነገረችኝ ሲስተር ሶሊያና ናት። እኔ በጆሮዬ የሰማሁት በመስኮቱ የወጣውን የእኅቴን ድምፅ ብቻ ነው፤ ያ ፈሪ ወንድሜ የት ሄደ፣ ይምጣና ጨርቁን ይወጥርልኝ፣ ሁለት እጅ ይዤም ሦስተኛ ያስፈልገኛል ትላለች።